ዳለቻና ቡላን ያቀናጀሁ ዕለት

"እሺ" የምትባለውን ቃል ማን እንደፈጠራት አላውቅም፤ ከእኔ ጋር ግን መንታ ሆና የተወለደች ትመስለኛለች። ሰው ፊቱን ሲያጠቁርብኝ አልወድም። የማላውቀውን ሰፈር የሚጠይቀኝን መንገደኛ እንኳ ባዶውን አልሸኝም። አዲስ አበባ እንደገባሁ ሰሞን አንድ ሽማግሌ አንድ መሥሪያ ቤት ወዴት እንደሆነ ጠየቁኝና በልበ ሙሉነት "በዚህ በኩል ነው" አልኳቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ላብ በላብ ሆነው እዚያው ቦታ መልሰው አገኙኝ። አላወቁኝም፤ ደግመው ጠየቁኝ። እኔም ደግሜ አሳየኋቸው፤ ለለውጥ ያህል በሌላ በኩል።

ይህን የምነግራችሁ ለመሳቂያ ብቻ አይደለም። ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት አገሬ መካነ ሰላም ሄጄ በዚሁ በሽታዬ የተነሳ አንዲትን ሴት ከእናቷ ደጅ ላስነቅላት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ስለዚህ ሳቁ፤ ግን እየፈረዳችሁ ሳቁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመስታወት ነው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ስናጋምስ መምህራችን ኮምፒዩተር ሊያሳዩን ወሰዱን። ኮምፒዩተሩ ያለው በመስታወት የታጠረ ክፍል ውስጥ ነው፤ እኛ ያለነው ከመስታወቱ ውጭ። አርባ ተማሪ በአንድ መስታወት ላይ ሲተነፍስ መስታወቱ ጉም ለበሰ። ዘበኛው በካፖርቱ እጅጌ ሲጠርግልን፣ እኛ መልሰን ስንተነፍስበት፣ እሱም መልሶ ሲጠርግልን ሩብ ሰዓታችን አለቀና ወጣን። እውነቱን ለመናገር እኔ በደንብ ያየሁት የዘበኛውን እጅጌ ነው።

ለአባቴ በጻፍኩት ደብዳቤ ግን "ኮምፒዩተር የሚባለውን መሣሪያ እየተማርን ነው" አልኩ። ውሸት ነው ለማለት ይከብዳል፤ እውነት ነው ለማለት ደግሞ ያሳፍራል። አባባ የዜማ መሪጌታ ናቸው። ደብዳቤዬን ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ለተሰበሰበው ሰው አነበቡለት። የቤተ ክህነት ሰው ደግሞ ጽሑፍን ያለ አንድምታ አያልፍም። "እየተማርን ነው" የምትለዋን "አንድም ተምሮ ጨርሷል፤ አንድም ሌላውን እያስተማረ ነው" ብለው ተረጎሟት። ወሬዋ ከደጀ ሰላሙ ወደ ገበያ፣ ከገበያው ወደ መስጊድ ደጅ ስትሻገር ሦስተኛ ትርጓሜ ጨመረች፤ አንድም ራሱ ሠርቶታል።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ከደሴ በእህል መኪና ጭነት ላይ ተሳፍሬ፣ የአቀስታ ብርድ ጥርሴን እንደ ታይፕ እያስመታኝ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ደረስኩ። አቧራዬን ሳላራግፍ እት ዘሀራ ደጃችን ላይ ቆማለች፤ በእጇ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዛለች።

እት ዘሀራ የአውራጃው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ናት። ዓይናቸው ከደከመ እናቷ ጋር ከእኛ ቤት ሁለት ቤት አልፎ ትኖራለች። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የድጋፍ ደብዳቤዬን የጻፈችልኝ እሷ ናት፤ የምሳፈርበት መኪና ጥሩንባ እየነፋ፣ እኔ በር ላይ እየተቁነጠነጥኩ፣ አራት ጊዜ። አራት ጊዜ የሆነበት ምክንያት አስተዳዳሪው ጓድ ጌታነህ አንድ ልማድ ስላላቸው ነው። ተጽፎ ያለቀ ደብዳቤ ለፊርማ ሲቀርብላቸው ሁልጊዜ አንዲት ቃል ይለውጣሉ። "ስለሆነ" የሚለውን "በመሆኑ" ያደርጉታል፤ በነጋታው "በመሆኑ" የሚለውን "ስለሆነ"። በታይፕ ደግሞ አንዲት ቃል ተለወጠች ማለት ገጹ ከነሦስት ካርቦኑ እንደ አዲስ ተመታ ማለት ነው። እት ዘሀራ ግን አንድም ቀን ስታጉረመርም አልሰማኋትም። ወረቀቱን ስባ ታወጣለች፣ ሌላ ታስገባለች፣ "ያረቢ ትዕግሥቱን" ትላለች፣ ትመታለች።

"እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ" አለችኝ። "ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ሳትከፍተው ልንገርህ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ሁለት ኮምፒዩተሮች ትቶ ሄዷል። የተለያየ ፋብሪካ ሥራ ናቸው። ደሴ ያሉት አለቆች ሁለቱንም በመኪና ጭነው ላኩና "መካነ ሰላሞች ሞክራችሁ አንዱን ምረጡ፤ ያልመረጣችሁት አርብ ስድስት ሰዓት በዚያው መኪና ወደ ጎረቤታችሁ ወደ አቀስታ ይመለስ" አሉ። መራጭ ኮሚቴም ተቋቁሟል፤ የኮሚቴው ባለሙያ እኔ ነኝ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። የደብዳቤው ጅራት ግን መርዝ አለው። ኮምፒዩተሩን የሚሠራበት ሰው ከጽሕፈት ቤቱ ከተገኘ ይመደባል፤ ካልተገኘ የሠለጠነ ሠራተኛ ከደሴ ይላካል፤ ታይፒስቷም በአውራጃችን ታይፒስት ወደሌለው ወደ ማሻ ትዛወራለች።

"እናቴን ታውቃታለህ" አለች እት ዘሀራ። "ከጓዳ እስከ ደጅ የምትሄደው በዳበሳ ነው። እዚህ ግድግዳው ሁሉ ያውቃታል። ማሻ ወስጄ ምኑን አስዳብሳታለሁ? እኔ ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ እንግሊዝኛዬ ከ'ጉድ ሞርኒንግ' አያልፍም። የምችለውን ምረጥልኝ አልልህም። አይተህ እውነቱን ተናገርልኝ።"

"እሺ እት ዘሀራ፣ አብሽሪ። ላንቺ የሚሆነው ይመረጣል" አልኳት። ኮምፒዩተሮቹን ገና አላየኋቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ጓድ ጌታነህ ዘንድ ቀረብኩ። ወንበር ሳቡልኝ፤ ይህ ለእኔ አዲስ ነው። ከዚህ በፊት በዚያ ቢሮ ወንበር ያገኘሁት አያቴ ሞተው ለማስመዝገብ የሄድን ቀን ነው። ሁለቱን መሣሪያዎች አይተዋቸዋል፤ አንዱ ትልቅ ነው፣ አንዱ ትንሽ። "አንተ የተማርህ ሰው ነህ" አሉኝ። "አቀስታ ትልቁን ይዞ እኛ ትንሹን ብንይዝ በስብሰባ ላይ ምን ፊት ይኖረናል?"

"ልክ ነው ጓድ። የሚመረጠው ትልቁ ነው" አልኩ። አሁንም አላየኋቸውም። አንባቢ ሆይ፣ ይህ የእኔ ሁለተኛው እሺታ ነው። ሁለት እሺታ በአንድ ራስ ላይ ሲሸከሙት እንደ ሁለት እንስራ ነው፤ መሰባበሩ አይቀርም፤ የሚያጠያይቀው የቱ ቀድሞ እንደሚወድቅ ብቻ ነው።

መጋዘኑ ሲከፈትልኝ አያ ይመር ቀድመውኝ ገብተዋል። አያ ይመር የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበርና የኮሚቴው አባል ናቸው፤ ለዳኝነት ይፈለጋሉ፤ በሬ መግዛት የፈለገ ሰው ያለ እሳቸው ገበያ አይወጣም። መሣሪያዎቹን ዞር ዞር እያሉ ይመረምራሉ። ትልቁን ጎኑን መታ መታ አደረጉት፣ ከኋላው ጎንበስ ብለው አዩት፣ መምቻ ፊደሎቹን በጣታቸው ቆጠሩና "ጥርሱ ሙሉ ነው" አሉ። ትንሹን በሁለት እጃቸው አንስተው መዘኑት። ትልቁ አመድማ ስለሆነ "ዳለቻ" አሉት፤ ትንሹ ነጣ ያለ ስለሆነ "ቡላ"። ፋብሪካዎቹ ያወጡላቸውን ስም እኔም ከዚያ በኋላ ተጠቅሜበት አላውቅም፤ ከተማው በሙሉ ዳለቻና ቡላ አላቸው።

እኔ በበኩሌ ቆርጬ ተነሳሁ። ከመሣሪያዎቹ ጋር የመጡትን ሁለት ወፋፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፎች ታቅፌ፣ መዝገበ ቃላቴን ከጎኔ አድርጌ፣ ረቡዕን ሙሉ ሳነብ ዋልኩ። ለፈተና እንኳ እንዲህ አላነበብኩም። እት ዘሀራ በሥራዋ መሃል እየመጣች አጠገቤ ትቀመጣለች፤ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሷ በእርሳስ ትጽፋለች። የደረስኩበት ይህ ነው። ዳለቻ ጽሑፉ የሚታይበት ባለቀለም መስኮት አለው፣ ጉልበታም ነው፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል፤ ነገር ግን ከእንግሊዝኛ በቀር አያውቅም። ቡላ መስኮቱ ከትንሽ ትሪ አይበልጥም። አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነብም፤ የአንዱ ገመድ ለሌላው አይሆንም። በቡላ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ገጽ ላይ በደማቅ ፊደል "የሌላ ፋብሪካ ዕቃ ከዚህ መሣሪያ ጋር ማገናኘት ክልክል ነው" የሚል አገኘሁና በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። እት ዘሀራም ተረድታ በእርሳሷ ጻፈችው። ይህቺን ቀይ መስመር ያዙልኝ።

የቡላን ምስጢር ያገኘችው እሷ ናት። ታይፒስት አዲስ መሣሪያ ስታይ መጀመሪያ ገልብጣ ሪባኑ የት እንዳለ ትፈልጋለች። ቡላን ስትገለብጠው ከሆዱ ሥር የተለጠፈ ፖስታ አገኘች፤ በውስጡ አንድ ዲስክ አለ፤ በፖስታው ላይ አንድ ሰው በእርሳስ "አማርኛ" ብሎ ጽፎበታል።

መብራት በከተማችን የሚበራው ማታ ማታ ነው። ለምርጫው ሲባል ግን ጄኔሬተሩ በቀንም እንዲነሳ ስለታዘዘ የጄኔሬተሩ ሠራተኛ ኦስማን አስነሳልን። ዲስኩን አስገባን። ቡላ ለረዥም ጊዜ ተንተባተበ፤ ከዚያ ከጨለማው ውስጥ "ሀ" ብቅ አለች። እት ዘሀራ እንደ ሰው ሰላም አለቻት። ጣቶቿን ስታሳርፍ ግን ግራ ተጋባች፤ ፊደሎቹ ታይፑ ላይ ከነበሩበት ቦታ ያለ ዝውውር ደብዳቤ ለቀዋል። እየፈለገች የእናቷን ስም ጻፈች፤ "ከድጃ" ልትል "ከደጃ" አለች። ጣቷን ከመምቻው ላይ አነሳች። ታይፕ ላይ የተሳሳተ ፊደል ከሞት አይሻልም፤ አይመለስም። መጽሐፉ የሚለውን መምቻ አሳየኋትና ተጫነችው። "ደ"ዋ ጠፋች።

"ሄደችኮ" አለች ቀስ ብላ። "ጠባሳ እንኳ አልተወችም።"

ያን ቀን ያለ ጥርጥር አወቅሁ፤ ቡላ ነው የሚሆነው። የጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ሁሉ አማርኛ ነው፤ የምትሠራበትም ሴት እዚሁ አለች። ሐሙስ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ይህን መናገር ብቻ ነበር የሚቀረኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር።

ነገር ግን ሐሙስ ድረስ አንድ ሌሊት አለ፤ በመካነ ሰላምም አንድ ሌሊት ለወሬ ብዙ ነው። ሲነጋ ከተማው ለሁለት ተከፍሏል። ፀጉር ቆራጩ ምላጩን አንገቴ ላይ አሳርፎ "ዳለቻ ነው አይደል?" አለኝ፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ምን ይላል? "ነው" አልኩ። ሻይ ቤት ስገባ ባለቤቷ የእት ዘሀራ ወዳጅ ናቸውና "ቡላ ነው አይደል የኔ ልጅ?" አሉኝ፤ "ነው" አልኩ። አንድ ሰው ለሁለቱም ስናገር ሰምቶ "ኧረ ለየቱ ነህ?" ቢለኝ "እየተጠና ነው" አልኩት። ቤት ስደርስ አባባ "የቱ ነው?" ሲሉኝ ሁለቱን አማርጬ ነገርኳቸውና "አንድም ዳለቻ፣ አንድም ቡላ" ብለው ረክተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ስብሰባው ተጀመረ። ጓድ ጌታነህ በሰብሳቢነት ተቀመጡ፤ አያ ይመርና ሁለት የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች በግራና በቀኝ፤ እት ዘሀራ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ጥግ ላይ። "ባለሙያው ያስረዳ" ተባለ። ተነሳሁ። ጓድ ጌታነህን አየኋቸው፤ ትልቁን ይጠብቃሉ። እት ዘሀራን አየኋት፤ እውነቱን ትጠብቃለች። ጉሮሮዬን ጠረግኩና "ትልቁ፣ እንደሚታየው፣ ትልቅ ነው" አልኩ። "ትንሹም፣ ምንም እንኳ ትንሽ ቢሆን፣ አማርኛ ይችላል" ብዬ ተቀመጥኩ።

ኃላፊዎቹ ተከራከሩ። አንደኛው ለአውራጃው ክብር ትልቁ ይገባል አለ፤ ሁለተኛው አማርኛ የማይችል መሣሪያ ለእኛ ምናችን ነው አለ። ክርክሩ እየጋለ፣ ጓድ ጌታነህ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳለ አያ ይመር እጃቸውን አነሱ። አያ ይመር እጃቸውን ሲያነሱ መካነ ሰላም ጸጥ ይላል።

"እኛ ገበሬዎች አንዳንድ በሬ ያለን ሁለት ጎረቤታሞች ምን እናደርጋለን?" አሉ። "ያንተ በሬ ከኔ በሬ ይበልጣል እያልን ክረምቱን አናሳልፍም። እንቀናጃለን። ያንተንም የኔንም በአንድ ቀንበር እንጠምድና ሁለታችንም እናርሳለን። ዳለቻ ጉልበትና መስኮት አለው፤ ቡላ አፍ አለው። የዳለቻን መስኮት ከቡላ አፍ ጋር ቀናጁት። ለአቀስታም 'ቅንጃ ናቸው፣ አይለያዩም' ብላችሁ ጻፉ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስታ በአንድ ክፍል ውስጥ አላየሁም። ጓድ ጌታነህ ትልቁ መስኮት ቀረላቸው፤ ተቃዋሚው አማርኛ ቀረለት፤ አቀስታ ባዶ እጁን ሊቀር ነው። ሽምግልናው ሁሉንም አስማማ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። "ይቻላል?" አሉ ጓድ ጌታነህ።

ቀይዋ መስመር ዓይኔ ላይ ተጋደመች። እት ዘሀራም እርሳሷን አንስታ አየችኝ፤ እሷም ታውቃታለች። ፈገግ ያሉ አራት ፊቶች ነበሩ። አራቱን ማጥቆር የእኔ ሥራ ሊሆን ነው።

"ይሞከራል" አልኩ።

እርሳሷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ጻፈች። ይሞከራል።

አርብ ጠዋት ቅንጃው የሚጠመድበት ክፍል ከሰርግ ቤት አይተናነስም ነበር። አባባ መስቀላቸውን ይዘው መጥተው ባረኩ፤ አንድ ሼህ ደግሞ ዱዓ አደረጉ፤ እኛ አገር ቀንበር ሲጠመድ በሁለቱም በኩል ቢመረቅ ይመረጣል። ክፍሉ ያልበቃው ሕዝብ በክፍሉ መስኮት ሥር ተደርድሮ መስታወቱ ላይ ሲተነፍስበት የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ከውጭ በእጅጌው ይጠርግላቸዋል። ያን እጅጌ ሳይ ፊቴን ወደ ገመዶቹ መለስኩ።

የዳለቻ መስኮት ገመድ ወደ ቡላ ጀርባ አልገባም። አንዱ ዘጠኝ ጥርስ ሲኖረው ሌላው አምስት ቀዳዳ ነው ያለው። እዚህ ላይ "አይሆንም" ማለት ይቻል ነበር። ኦስማን ግን ፒንሳውን ከኪሱ አውጥቶ "ወላሂ እኔ ስንቱን አገናኝቻለሁ" አለና ገመዶቹን ልጦ በቀለማቸው ጠመዘዛቸው፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፤ የተረፈውን ከተረፈው። ከዚያ ሄዶ ጄኔሬተሩን አስነሳ።

የዳለቻ መስኮት መጀመሪያ አፏጨ፤ እንደሚፈላ ጀበና። አንድ አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ተሰመረ። ሕዝቡ "ማሻአላህ" አለ። መስመሩ እንደ ጅራፍ ተወዛወዘ፤ ከቡላ ሆድ ውስጥ "ጧ" የሚል ድምፅ ወጣ፤ የተቃጠለ ቀንድ የመሰለ ሽታ ክፍሉን ሞላ፤ ሁለቱም ጨለሙ።

"ተዋጉ" አሉ አያ ይመር።

ጓድ ጌታነህ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ለመካነ ሰላም ኮምፒዩተር እንዳልተጻፈላት፣ ሁለቱም ወደ አቀስታ እንዲጫኑ፣ የታይፒስቷም የዝውውር ደብዳቤ ዛሬውኑ እንዲወጣ አዘዙ፤ ደሴ አዲስ ዕቃ ከነሠራተኛው ሲልክ ይታያል አሉ። የጽሕፈት ቤቱን ደብዳቤ የምትጽፈው ደግሞ እት ዘሀራ ናት። ምንም ሳትል ተነስታ ወደ ታይፑ ክፍል ገባች። የራሷን ማፈናቀያ ስትመታ በግድግዳው ማዶ ይሰማኛል። ጣቷ አንዴም አልተደናቀፈም። በእንባ እንኳ ስሕተት አትጽፍም።

ደጅ ወጣሁ። አባባ ተከትለውኝ ወጡና መስቀላቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ በለሆሳስ "አንድም ቸኩሎ ነው፤ አንድም ዕቃው ልማደኛ ነው" አሉ። እኔን ነፃ የሚያወጣ ትርጓሜ እየፈለጉልኝ ነው። ያ ከግሳጼ ሁሉ ባሰብኝ።

"አባባ፣ ሦስተኛው ይበልጣል" አልኩ። "አንድም ዋሽቷል።"

ተመልሼ ገባሁ። ኮሚቴው ገና አልተበተነም ነበርና ኮምፒዩተር ያየሁት በጉም በተሸፈነ መስታወት ውስጥ ለሩብ ሰዓት መሆኑን ተናገርኩ። መጽሐፉን ገልጬ ቀይዋን መስመር አሳየኋቸው፤ ረቡዕ እንዳነበብኳትም ጭምር። ጓድ ጌታነህ የሚለውጡት ቃል አጡ።

"ታዲያ ትናንት ለምን ዝም አልህ?" አሉኝ አያ ይመር።

"ደስ እንዲላችሁ ብዬ ነው አያ።"

"አሁን ደስ ብሎናል?"

አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ መኪናው እስኪነሳ ያለውን ሰዓት። ጓድ ጌታነህ ሰዓታቸውን አይተው "አምስት ከሩብ ሆኗል" አሉ፤ እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

ኦስማን የጠመዘዘውን ሁሉ ፈታ፤ ዳለቻን ወደ ራሱ መስኮት መለስነውና በሰላም ተነሳ። ቡላ ግን ድዳ ነው። መጽሐፉ በጀርባው በኩል አንዲት ትንሽ የመስታወት ፊውዝ አለች ይላል፤ ስናወጣት ጠቁራለች። ኦስማን ትርፍራፊ ዕቃ የሚያጠራቅምበት ጣሳ ተገለበጠ፤ የሚሆን የለም። ያኔ አባባ ሳይናገሩ ወጥተው ሄዱ። ሲመለሱ ከቤት አንድም ቀን ወጥቶ የማያውቀውን ሬድዮናቸውን እንደ ታቦት በነጠላ ሸፍነው ታቅፈዋል። "ፊውዝ ያላችኋት ከዚህ ውስጥ ካለች አውጡ" አሉ፤ ዞር ብለውም ቆሙ፤ ሲከፈት ማየት አልፈለጉም። ፊውዟ ወጥታ ቡላ ውስጥ ገባች። ቡላ ተንተባተበ፤ "ሀ" አለ።

አሁን ማንንም ለማስደሰት አልሞከርኩም። "እኔ ምንም አልናገርም" አልኩ። "ዛሬ የሚወጣውን ደብዳቤ በሁለቱም አስጽፉት።"

ጓድ ጌታነህ ራሳቸው ዳለቻ ፊት ተቀመጡ። በአንድ ጣት፣ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ፊደል እንደጠፋ መርፌ እየፈለጉ፣ ስማቸውን ጻፉ። በቀለም ወጣ፤ አማረ። አያ ይመር "ምን ይላል?" ሲሏቸው "ጌታነህ" አሉ።

"እሱንማ አውቀዋለሁ። ሌላስ?"

ሌላ የለም። ሌላውን ከደሴ የሚመጣው ሠራተኛ እንደሚጽፈው ተናገሩ። አያ ይመር በመሠረተ ትምህርት ማንበብ የቻሉ፣ የምስክር ወረቀታቸውንም ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ሰው ናቸው። "ጻፈው እንበል። ለእኛ ማኅበር ሲመጣ ማን ያነብልኛል?" አሉ።

ከዚያ እት ዘሀራ ቡላ ፊት ተቀመጠች። ዛሬ የሚወጣው ደብዳቤ አንድ ብቻ ነው። ታይፕ ያደረገችውን ወረቀት ከጎኗ አቁማ የራሷን ዝውውር ከመጀመሪያው መጻፍ ጀመረች። ስትጨርስ ጓድ ጌታነህ በትከሻዋ በኩል ዘንበል ብለው አነበቡና ጣታቸው፣ በልማዱ፣ ተነሳ።

"'ስለሆነ' የሚለውን 'በመሆኑ' አድርጊው።"

እት ዘሀራ ወረቀቱን ስባ ልታወጣ እጇን ሰደደች፤ ወረቀት የለም። ትዝ አላትና መምቻዋን ተጫነች። "ስለሆነ" ጠፋ፤ "በመሆኑ" ገባ፤ የቀሩት ቃላት ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው።

ጓድ ጌታነህ ወደ መስኮቷ ጠጋ አሉ። "እስቲ መልሺው" አሉ። መለሰችው። "እስቲ ደግሞ 'በመሆኑም'።" ሆነ። ወንበር ሳቡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። "ከዚህ በላይ" የሚለውን "ከላይ" አደረጉ፤ "ከላይ" የሚለውን "ቀደም ሲል"፤ ሁለተኛውን አንቀጽ ከአንደኛው አስቀደሙ፤ አዘኑለትና መለሱት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቃል ሲለውጡ የኖሩ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳያደክሙ ቃል ለወጡ። ዳለቻ ከኋላቸው ስማቸውን በቀለም ይዞ ያጉረመርማል፤ ዞረው አላዩትም። ደጅ መኪናው ጥሩንባ ነፋ።

አያ ይመር መስኮቷን በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። "ወይዘሪት ዘሀራ... ወደ ማሻ... ተዛውረው... እንዲሠሩ..." ጣታቸው ቆመች። "ጓድ፣ ይህቺ 'ማሻ' የምትለዋም ትነሳለች?"

ጓድ ጌታነህ ወደ እኔ ዞሩ። "ይቻላል?"

"ይህ ይቻላል ጓድ" አልኩ። "መቀናጀቱ ነው የማይቻለው።"

እት ዘሀራ ጣቷን አንስታ ትጠብቃለች። ጓድ ጌታነህ መስኮቷን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ጠዋት ያስመቱትን የታይፕ ወረቀት አዩ፤ በዚያ ወረቀት ላይ ማንም ምንም ሊለውጥ አይችልም።

"'ወደ ማሻ ተዛውረው' የሚለው ይውጣ" አሉ። "'በዚሁ ጽሕፈት ቤት በኮምፒዩተር ሥራ ተመድበው' ይግባ።" ጣታቸው እንደገና ተነሳች። "አይ" አሉ። "'ተመድበው' ደህና ነው። ይሁን።"

ከቡላ ጋር የመጣው ማተሚያ ገበያ እንዳየ ፍየል እየጮኸ ወረቀቱን አወጣ፤ ተፈረመበት፤ ማኅተም አረፈበት። ዳለቻ ሸራ ለብሶ ወደ አቀስታ ተጫነ። ትልቁ ደረሰን ብለው መደሰታቸውን ሰምቻለሁ፤ ደስ ይበላቸው። ፊውዟ ቡላ ሆድ ውስጥ ስለቀረች አባባ አሁንም ዜና የሚሰሙት ዱዓ ባደረጉት ሼህ ቤት ነው፤ እዚያም ሄደው ዜናውን ሳይተረጉሙ አያልፉም አሉ።

እኔ ለእት ዘሀራ መጽሐፉን ተርጉሜ ሳልጨርስ አልሄድም ብዬ ከዕረፍቱ በላይ አራት ቀን ቆየሁ። የዘገየሁበትን ምክንያት ለዩኒቨርሲቲው የሚያስረዳ ደብዳቤ አስፈለገኝ። ጓድ ጌታነህ ተናገሩ፣ እት ዘሀራ ጻፈች፣ እኔም ከጎኗ ቆሜ አነበብኩ፤ "ከፍተኛ የኮምፒዩተር ባለሙያ የሆኑት ተማሪ" ይላል። ጓድ ጌታነህ ስልክ ሊያነሱ ወጡ።

"እት ዘሀራ፣ 'ከፍተኛ' የምትለዋን አውጪልኝ" አልኳት።

አወጣችው።

"'የኮምፒዩተር ባለሙያ የሆኑት' የሚለውንም።"

ሳቀች፤ አወጣችው። "ተማሪ" የምትለው ቃል ብቻዋን ቀረች። እት ዘሀራ ጣቷን መምቻዋ ላይ እንዳደረገች ቀና ብላ አየችኝ። "ይህቺስ?"

"አይ" አልኩ። "እሷ ትቆይ።"